ምኑ ነው ያረጀው?

በኖርዌይ ዋና ከተማ በኦስሎ፣ የዛፉ ቅጠል ረግፎ በረዶው ገና ሳይወርድ ባለው አጭር ጊዜ ውስጥ፣ በየትምህርት ቤቱ አዳራሽ ያገለገሉ የስፖርት ዕቃዎች ገበያ ይቆማል። ልጅ በየዓመቱ ቁመት ይጨምራል፤ የበረዶ መንሸራተቻው ስኪ ግን እንደ ተሠራ ይቀራል። ስለዚህም የአንዱ ቤት ታላቅ ልጅ የተወውን የሌላው ቤት ታናሽ ይረከበዋል። ከእነዚህ ገበያዎች በአንዱ፣ ከአዲስ አበባ ሄዶ በዚያች ከተማ ኑሮውን የመሠረተ አንድ አናጢ የአሥራ አምስት ዓመት ልጁን አስከትሎ ግድግዳ ተደግፈው በቆሙ ሁለት ጥንድ ስኪዎች ፊት ለረጅም ጊዜ ቆመ።

የመጀመሪያው ጥንድ ቁመቱ ከሁለት ሜትር የሚያልፍ፣ ከጫፍ እስከ ጭራው ቀጥ ያለ፣ በ1980ዎቹ የተሠራ ነው። ዋጋው ከአንድ ምሳ አይበልጥም። ሁለተኛው አጠር ብሎ ጫፍና ጭራው የሰፋ፣ ወገቡ የቀጠነ፣ ዋጋውም የመጀመሪያውን ብዙ እጥፍ የሚሆን ነው። አናጢው ረጅሙን አነሣና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሳንቃ እንደሚመረምር ሁሉ፣ ከጫፉ እስከ መጨረሻው ተመለከተው። አልተጣመመም። በጣቱ አንጓ አንኳኳው፤ የደረቀ እንጨት ድምፅ ሰጠ።

«አባዬ፣ እሱ እኮ አሮጌ ነው» አለች ልጅቱ።

«ምኑ ነው ያረጀው?» ሲል ጠየቃት።

ልጅቱ መልስ አልሰጠችም። ጥያቄው ግን መልስ የሚገባው ነው። ዕርፍ ጨብጦ የሚያርስ ገበሬ መሣሪያውን በአንድ ዕድሜ አይቆጥረውም። ማረሻው እየተሳለ ያልቃል፤ ድግሩ ይሰበራል፤ ሞፈሩ ግን ብዙ ማረሻ አሳልፎ ይቆያል። ስኪም እንዲሁ የቅርጹ፣ የአካሉና የጫማ ማሰሪያው ዕድሜ ለየብቻ ነው።

ከቅርጹ እንነሣ። በገበያው ላይ «አዲስ» የተባለው ቀጭን ወገብ በእውነቱ ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። በቴሌማርክ አውራጃ በሞርጌዳል መንደር ሶንድሬ ኑርሄይም (1825–1897 እ.ኤ.አ.) የተባለ፣ የራሱ መሬት ያልነበረው ጭሰኛ፣ ለመታጠፍ እንዲያመቸው መካከሉን ጠበብ ያደረገ ስኪ በእጁ ይሠራ ነበር። ተረከዙንም በተጠማዘዘ የዛፍ ቀንበጥ አሰረው፤ በዚህም ዘዴ እግሩ ስኪውን ማዘዝ ቻለ። በ1868 ዓ.ም. (እዚህ ላይ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአርባ ሁለት ዓመቱ ወደ ክርስቲያኒያ፣ ማለት ወደ ዛሬዋ ኦስሎ፣ መጥቶ የከተማውን ሰው አስደነቀ። ይሁን እንጂ ዝና እንጀራ አልሆነውም። በ1884 ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ ያ የተራራ ሰው ያረፈው በሰሜን ዳኮታ ሜዳ ላይ ነው።

የጭሰኛው ግኝት ለብዙ ዘመን ወደፊት ሳይገፋ የቆየው አስተዋይ ስለ ጠፋ ብቻ አልነበረም። መካከሉ እጅግ የጠበበ ስኪ በጠነከረ በረዶ ላይ ሲደገፉበት ይጠመዘዛል፤ ይህን የሚቋቋም ማቴሪያል ያስፈልግ ነበር። በ1920ዎቹ የሳልዝቡርጉ ሩዶልፍ ሌትነር የብረት ጠርዝ አበጀለት፤ በ1950 አሜሪካዊው ሃዋርድ ሄድ የአሉሚኒየም ስኪ ለገበያ አቀረበ፤ ቀጥሎም ፋይበርግላስ መጣ። በመጨረሻ በ1993 በስሎቬንያ የኤላን ፋብሪካ መሐንዲሶች ዩሪ ፍራንኮና ፓቬል ሽኮፊች የኑርሄይምን ሐሳብ እስከ ጥጉ ወሰዱት። በቀድሞው ስኪ ላይ ወገቡ በአንድ ጎን 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ይገባ ነበር፤ በእነርሱ ላይ ከ20 ሚሊ ሜትር በላይ ገባ።

የዚህ ልዩነት ምስጢር ተራ ጂኦሜትሪ ነው። ስኪው በጎኑ ሲጋደል ጠርዙ በረዶው ላይ ቅስት ይሥላል። የቀጥታው ስኪ ቅስት የክብ ቁራጭ ነው ቢባል፣ የክቡ ራዲየስ ከ40 ሜትር ይበልጣል፤ የአዲሱ ወደ 15 ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ በአሮጌው መታጠፍ የፈለገ ሰው ክብደቱን አንሥቶ፣ ጭራውን ገፍቶ፣ በጉልበትና በልምድ ማዞር አለበት፤ በአዲሱ ግን ማጋደል ይበቃል። ድሮ ዓመታት ይጠይቅ የነበረውን ተማሪው ዛሬ በጥቂት ሳምንት ይጨብጠዋል። «አሮጌው የተሻለ ያስተምራል» የሚሉ አሉ። የሚሉት ግን አብዛኛውን ጊዜ ትምህርታቸውን የጨረሱ ናቸው፤ የወደቁበትን ቁጥር ዘንግተውታል።

ሆኖም ነገሩ በዚህ አልተቋጨም። ዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን ለጉልበት አደጋ መቀነስ ሲል፣ በጃይንት ስላሎም ውድድር የወንዶች ስኪ ራዲየስ በ2012 ከሚጀምረው ወቅት አንሥቶ ከ27 ወደ 35 ሜትር እንዲመለስ ደነገገ። ይህ ወደ አሮጌው ቅርጽ መመለስ ነው ብለው ተወዳዳሪዎች ተቃወሙ፤ ከሁሉ አምርሮ የተናገረው አሜሪካዊው ቴድ ሊገቲ ነበር። ወቅቱ በኦስትሪያ በዞልደን ሲከፈት ታዲያ ይኸው ተቃዋሚ በዚያው በጠላው ስኪ ተወዳድሮ ሁለተኛውን በ2.75 ሰከንድ ቀድሞ አሸነፈ። ረጅሙ ቅስት የጠየቀውን ችሎታ እርሱ ከሌሎቹ አብልጦ ይዞት ኖሯል። ከ2017 ወዲህ ደንቡ ወደ 30 ሜትር ላላ።

ወደ አካሉ ስንመለስ አናጢው ብዙም አልተሳሳተም። በአገር አቋራጭ ስኪ፣ እንጨት ለፋይበርግላስ ቦታውን የለቀቀው ከ1974 የፋሉን የዓለም ሻምፒዮና ወዲህ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። በተራራው ስኪ ግን ፋይበርግላሱና ብረቱ ልብስ ሆኑ እንጂ፣ በብዙዎቹ ልብ ውስጥ ዛሬም ያለው በኮላ የተጣበቀ እንጨት ነው። እርጥበት ካልገባውና የብረት ጠርዙ በመሳል ካላለቀ፣ አርባ ዓመት የሞላው ስኪ ቀጥ ብሎ ሊቆም ይችላል።

ሕይወት ያለው ጉዳይ ማሰሪያው ነው። ሰው ሲወድቅ ጫማውን የማይለቅ ማሰሪያ ቅልጥም ይሰብራል። ኖርዌያዊው ያልማር ቫም በ1937 በአሜሪካ እግሩን ከሰበረ በኋላ የሚለቅ ማሰሪያ ፈልስፎ በ1939 ለገበያ ያበቃው ይህንኑ አይቶ ነው። ዛሬ ማሰሪያው በተንሸራታቹ ክብደት፣ ቁመት፣ ዕድሜና ችሎታ ልክ ይስተካከላል። ነገር ግን ቅባቱ ይደርቃል፤ ፕላስቲኩ ሳይታይ ይሟሽሻል። ፋብሪካዎችም ለቆዩ ማሰሪያዎች ዋስትና መስጠት ያቆማሉ። አናጢው ሁለቱንም ጥንድ ወደ አንድ ሱቅ ወስዶ ባሳየ ጊዜ፣ ቴክኒሻኑ አጭሩን በመሣሪያ ፈትሾ መለሰለት፤ ረጅሙን ግን በእጁ እንኳ አልነካውም።

«እንጨቱ ጤነኛ ነው» አለ አናጢው።

«እንጨቱስ ጤነኛ ነው» አለ ቴክኒሻኑ።

ልጅቱ አጭሩን ይዛ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ወደ ተራራው ወጣች። በዚያው ቀን አባትዬው ረጅሙን ጥንድ ምድር ቤት አውርዶ ማሰሪያዎቹን ፈታ። የአንደኛው ተረከዝ ፕላስቲክ ቡለኑ ሳይላላ በመዳፉ ውስጥ እንደ ደረቀ ቂጣ ተፈረፈረ። ፍርፋሪውን በወረቀት ላይ አጠራቀመው። ከዚያም አንዱን ስኪ በሞርሳ አስሮ በብረት መጋዝ ከወገቡ ቆረጠው፤ የተቆረጠውንም ፊት በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው። ከላይ ቀለም፣ ከሥሩ ፋይበርግላስ፣ በግራና በቀኝ የብረት ጠርዝ፤ በመካከሉ ጎን ለጎን የተደረደሩ ቀጫጭን እንጨቶች ነበሩ። ኮላው በአንድም ቦታ አልከፈተም።

ልጅቱ ማምሻውን ፊቷ በብርድ ቀልቶ ስትመለስ ጠራትና መብራቱን አስጠግቶ አሳያት።

«አሥራ አንድ ናቸው» አለች፣ እንጨቶቹን በጥፍሯ እየነካች ቆጥራ።

«አሥራ ሁለት» አላት። «ዳር ላይ ያለውን ዘለልሽው።»

እንደገና ቆጠረችው።