የሌሊቱ ድምፅ ከወዴት ነው?

በችሎት ጸሐፊነት ስሠራ አስቀድሜ የተማርሁት፣ ምስክር ሲቆም ቃሉን ከመጻፍ በፊት ስሙንና አገሩን መጠየቅ ነው። ይህ ልማድ በገዛ ቤቴ ምን ያህል እንደ ከበደኝ ለአንባቢዎች ልንገራችሁ።

የምንኖረው በፈረስ ቤት ነው። ማታ ማታ የኢትዮጵያን ራዲዮ በመካከለኛ ሞገድ በ873 ኪሎ ኸርዝ እንሰማ ነበር። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ግን የዐረብኛ ድምፅ ይደባለቀዋል። ልጃችን ለቤት ሠራተኝነት ወደ ጅዳ ከሄደች ወዲህ ባለቤቴ ያን ድምፅ ወደደችው። መርፌውን ላዞር እጄን ስዘረጋ፣ «እባክዎ አይንኩት፤ ልጄ ካለችበት አገር የሚመጣ ነው» ትለኝ ነበር። ልጅቱ ከደወለች ሦስት ወር ዐልፎ ነበርና ዝም አልሁ።

ነገር ግን ልማዴ አላስተኛኝም። የራዲዮ ሞገድ በቀን ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ከፍታ ባለው የሰማይ ደርብ ይዋጣል፤ ሲመሽ ያ ደርብ ስለሚጠፋ ሞገዱ ወደ ላይ ያልፍና ከበላይኛው ደርብ ተመልሶ በሩቅ አገር ይወርዳል። ደግሞም መንግሥታት በአውሮፓ ቍጥር በ1975 በዤኔቭ በተስማሙት ደንብ፣ የአንዱ ጣቢያ መሥመር ከሌላው የሚለየው በ9 ኪሎ ኸርዝ ብቻ ነው። እንደኛ ያለው ደካማ መቀበያ ጎረቤታሞቹን መለየት ያቅተዋል። ስለዚህ ጥፋቱ የማንም አይደለም።

የሩቅ ጣቢያን ለማወቅ መንገዱ ትዕግሥት ነው፤ አብዛኛው ጣቢያ ሰዓት ሲሞላ ስሙን ይናገራልና። አንድ ሌሊት መርፌውን በጥቂቱ ወደ 864 ዝቅ ባደርገው ድምፁ ጠራ። ቆይቶም «ኢዛዐቱል ቁርአኒል ከሪም፣ ሚነል ቃሂራ» አለ። ቃሂራ የካይሮ የዐረብኛ ስሟ መሆኑን በሚስዮን ትምህርት ቤት ተምሬ ነበር። ድምፁ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዞ ከምስር የመጣ ነበር እንጂ ከጅዳ አልነበረም።

እንግዲህ ምን ልበላት? መጽናኛዋን መንጠቅ ከበደኝ፤ ብዙ ሌሊትም ዝም አልሁ። በመጨረሻ ግን እውነቱን ነገርኋት። ጥቂት አለቀሰችና፣ «እንኪያስ ልጄን የምናገኝበትን ሌላ መንገድ ይፈልጉ» አለችኝ። በማግሥቱ አብራት ከሄደችው ልጅ ቤተ ሰቦች ዘንድ ሄደን የስልክ ቍጥር ተቀበልን፤ በስምንተኛው ቀን የልጃችንን ድምፅ ሰማን። አሠሪዋ ስልኳን ወስዳባት ኖሯል።

ለካስ ያ የሌሊት ድምፅ ሲያጽናናን ፍለጋውን አስረስቶን ነበር። እናንተም በቤታችሁ የምትወዱት ድምፅ ቢኖር፣ ሳትሰለቹ ስሙንና አገሩን ጠይቁ።