ጥቁር መኪና በዲምቱ አቧራ

መቼም ስለ ፍቅርና ስለ ትዳር፣ ስለ ፊት ማድያትና ስለ ፀጉር መነቃቀል በሚወራበት ገጽ ላይ ስለ መኪና ቆዳ ላወራ ስነሳ "ይሄ ደግሞ ምን ነካው?" ማለታችሁ አይቀርም። ምንም አልነካኝ። ዲምቱ ደርሼ መምጣቴ ነው፤ ያውም ለአንዲት ጥቁር ኮሮላ ስል።

ዲምቱን ለማታውቁ፣ ወላይታ ዞን ውስጥ ወደ ብላቴ ወንዝ በሚያዘቀዝቀው ቆላ በኩል የምትገኝ ከተማ ነች። ከአዲስ አበባ በቡታጅራና በሆሳዕና አድርጋችሁ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትጓዙ ሶዶ ትገባላችሁ። ሶዶ ዳሞት ተራራን ተደግፋ የተቀመጠች፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ የሆነች ከተማ ነች። እዚያ ቁርጥ በዳጣ ሳይበሉ ማለፍ ነውር ስለሆነ እኔም ነውር አልሰራሁም። ከዚያ ሚኒባስ ይዞ ቁልቁል ነው። ሶዶ ላይ የለበሳችሁትን ጃኬት ትንሽ እንደሄዳችሁ ታወልቃላችሁ፣ ሌላ ትንሽ ስትሄዱ የሸሚዝ ቁልፍ ትፈታላችሁ፣ ዲምቱ ስትደርሱ የሚፈታ ነገር አልቆባችኋል።

አጠገቤ የተቀመጡ ጎልማሳ "ብላቴ" የሚለው ስም ሲነሳ ፈገግ አሉ። በ1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ሊወድቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለወታደራዊ ስልጠና ብላቴ መወሰዳቸውን ታስታውሳላችሁ። እሳቸውም አንዱ ነበሩ። "ያን ጊዜ ይሄን አቧራ በሆዳችን እየተሳብን ነበር የምንለካው" አሉኝ። እኔ ደግሞ ከመኪና ላይ ላጥበው መሄዴን ስነግራቸው ከት ብለው ሳቁ።

ኦሮምኛ ለሚያውቅ ጆሮ ዲምቱ ማለት "ቀይት" ማለት ነው። በበጋ የሚነሳውን አቧራ ሳይ ስሙ ያምርባታል አልኩ። እናም እስቲ አስቡት፣ በዚህ አገር ላይ ጥቁር መኪና! ነጭ መኪና ሳምንት ሳይታጠብ ሰው አያውቅበትም። ጥቁር መኪና ግን ጠዋት ታጥቦ ለምሳ ያሳፍራል።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። አጎቴ (ነፍሱን ይማረውና) እህል ነጋዴ ነበር፤ በቆሎና ቦሎቄ። ገንዘብ ሲያጠራቅም አንዲት የ1998 ሞዴል ጥቁር ኮሮላ ገዛ። እሁድ እሁድ ለሰርግ ያከራያታል፣ በአዘቦት ቀን ይነዳታል። እሱ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። መኪናዋ ሁለቱን ዓመት ግቢ ውስጥ ማንጎ ዛፍ ስር ቆማለች። ማንጎ ጥላው ይጥማል፤ ለመኪና ግን ጠላት ነው። ሙጫው ይንጠባጠባል፣ ቅጠሉ ይረግፋል፣ ወፎቹ የሚያደርጉትን ደግሞ ታውቃላችሁ። ግቢውን የሚጠብቀው ልጅ ለጌታው ካለው ፍቅር የተነሳ በየሳምንቱ በኦሞ ያጥባታል፣ በማዳበሪያ ከረጢት ያሻታል። ልቡ ንጹህ ነው፤ ከረጢቱ ግን ሻካራ ነው።

አክስቴ መኪናዋን ልትሸጥ የቆረጠችው በልጇ ምክንያት ነው። ልጅቷ ሶዶ ውስጥ የግል ኮሌጅ የጤና ትምህርት የመጨረሻ ዓመቷ ላይ ነች፤ ክፍያው ተጠራቅሟል፣ ካልተከፈለ ፈተና አትቀመጥም። በነዳጅ የሚሰሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከታገደ ወዲህ አሮጌ ኮሮላም ቢሆን ፈላጊው ብዙ ነው። ደላላው ግን መጥቶ ዞር ዞር አለና "እትዬ፣ ሞተሯ ደህና ነው፤ ቀለሟ ግን ሞቷል። መቶ ሺህ ብር ይቀንሱ" አላቸው። አንድ ቀለም ቀቢ ደግሞ "ሙሉ በሙሉ ልቀባት" ብሎ ዋጋ ጠራ። አክስቴ ያን ጊዜ ነው የደወለችልኝ። አስራ ሁለተኛ ክፍልን ከጨረስኩ በኋላ አዲስ አበባ ላቫጆ ውስጥ ሁለት ዓመት መስራቴን ስለምታውቅ "አንተ ልጅ፣ እውነት ሞቷል ወይ? መጥተህ እይልኝ" አለችኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። አገራችን ውስጥ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ቀለም ነክቷታል?" ብሎ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ቀለም ከ100 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ይጋገራል። መንገድ ዳር የተቀባ ቀለም ያንን ጥንካሬ አያገኝም፣ አቧራም አብሮት ይደርቃል። ከዚያም በላይ አዲስ የተቀባ መኪና ያየ ገዢ "ምን ተደብቆበት ነው? ተገልብጣ ነበር እንዴ?" ብሎ ይጠረጥራል። ስለዚህ አክስቴን "አትንኪያት፣ ቀለሟ ደክሟል እንጂ አልሞተም" አልኳት። ይህን ያልኩት ለማጽናናት አይደለም። በአልኮል የረጠበ ንጹህ ጨርቅ በሩ ላይ አንዴ ሳሽ ከስሩ የድሮው ጥቁር ብቅ ብሎ ስላየሁ ነው።

ጥቁር ቀለም ለምን እንዲህ ያጋልጣል? ነጭ ቀለም ብርሃኑን ራሱ ስለሚበትነው ጭረት ቢኖርበትም ጭረቱ ከብርሃኑ ጋር ይመሳሰላል። ጥቁር ግን ብርሃን ስለሚውጥ እያንዳንዷ ጭረት ብቻዋን ታበራለች። ፀሐይ ላይ አቁማችሁ ስታዩት የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ክብ መስመር የምታዩት ለዚህ ነው። ያ ድር ከሰማይ አልወረደም፤ በአቧራማ ጨርቅ ደረቁን ከመወልወል የመጣ ነው። አቧራ ማለት እኮ የተፈጨ ድንጋይ ነው። (ጠዋት ጠዋት ላባ መወልወያ ይዛችሁ መኪናችሁን የምታሻሹ የአዲስ አበባ ሰዎች፣ ሰምታችኋል?)

እኔ በሰነበትኩበት ሳምንት በሰፈሩ ውሃ በጀሪካን ነበር የሚመጣው፤ በአህያ ጋሪ። የአክስቴ እናት ሦስት ጀሪካን ለመኪና ስይዝ አይተው "ሰው ሳይታጠብ ብረት ይታጠብ?" አሉ። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ በ60 ሊትር መጨረስ ነበረብኝ። አንዱን ጀሪካን ከላይ ወደ ታች ቀስ እያልኩ አፈሰስኩት፤ ጨርቅ ሳይነካት በፊት አቧራው በውሃ ብቻ እንዲወርድ። ከዚያ ሁለት ባልዲ፦ አንዱ ውስጥ ሶዶ የገዛሁት የመኪና ሻምፖ፣ ሌላው ውስጥ ባዶ ውሃ። ጨርቁን ከሻምፖው እነክራለሁ፣ ጣራዋን በቀጥታ መስመር አሻለሁ፣ ከዚያ በባዶው ውሃ አጥቤ እጨምቃለሁ፣ እንደገና ወደ ሻምፖው። ይቺ ሁለተኛ ባልዲ ዋጋዋ ትንሽ ነው፤ ግን አሸዋውን ተመልሶ ቀለሙ ላይ ከመሄድ የምታስቀረው እሷ ነች። ጣራ፣ ኮፈን፣ በሮች፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ በሌላ ጨርቅ የጎማው አካባቢ። ቆሻሻውን ውሃ ሴትየዋ ለጎደሬ ተክላቸው ሊያፈሱት ባልዲውን ሲይዙ "እማማ፣ ሻምፖ አለበት" ብዬ አስጣልኳቸው።

ኦሞን በተመለከተ፦ ኦሞ የልብስ ቅባት እንዲያወጣ የተሰራ ነው፤ ከመኪና ላይም ሰሙን ጠርጎ ያወጣል፣ ቀለሙን ራቁቱን ያስቀረዋል። ናፍጣ ቀብቶ ማብለጭለጭ የሚባለውም ያው ነው። ለአንድ ሰዓት ያበራል፣ ከዚያ የዲምቱን አቧራ በሙሉ "ግቡ" ብሎ ይጋብዛል።

የወፍ ኩስ ነገር የብቻው ነው። ጥቁር ቆርቆሮ ቀትር ላይ ይግላል፣ ቀለሙ ይለሰልሳል፤ ኩሱ ደግሞ አሲድነት አለው፣ ይነክሳል። ማታ ሲቀዘቅዝ ቀለሙ የተነከሰ ቅርጹን እንደያዘ ይቀራል። ስለዚህ ኩስ ያየ ሰው እርጥብ ጨርቅ ጥቂት ደቂቃ አስተኝቶበት፣ ሲርስ አንስቶ መጥረግ ነው። በጥፍር መፋቅ የለም። የማንጎ ሙጫውን በፋርማሲ አልኮል በትዕግሥት አለቀቅኩት።

አሁን ፖሊሹ። ሰዓቱን መርጣችሁ ነው የምትሰሩት። እኔ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ከዚያ ደግሞ ከ10 ሰዓት በኋላ ነበር የምሰራው፤ በመሃል ያለው ጊዜ የቡናና የእንቅልፍ ነው። ቆርቆሮው እጅ ሲያስቀምጡበት ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ካልሆነ ፖሊሹ ሳይሰራ ይደርቃል። የጎማ ማሸጊያውንና ፕላስቲኩን በወረቀት ፕላስተር ሸፈንኩ፤ ፖሊሽ ጥቁር ፕላስቲክ ላይ ከደረቀ ነጭ እድፍ ይተዋል።

ከዚያ መጀመሪያ ማንም በማያየው ቦታ፣ ከኋለኛው በር ስር፣ ትንሽ ሞከርኩ። ጨርቁ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ይሄ አንዳንዱን ሰው ያስደነግጣል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የዛሬ መኪናዎች ከቀለሙ በላይ እንደ መስታወት የጠራ ሽፋን አላቸው፤ እሱም ከፀጉር የቀጠነ ነው። ብዙ የድሮ ጥቁር ቀለሞች ግን ያ ሽፋን የላቸውም፣ የምታሹት ቀለሙን ራሱን ነው። ጨርቁ የሚጠቁረው የሞተው የላይኛው ቆዳ ሲወጣ ነው። ሽፋን ያለው መኪና ላይ ግን ጨርቃችሁ በመኪናው ቀለም ከቀለመ ሽፋኑ አልቋል ማለት ነውና ወዲያው አቁሙ። በሁለቱም ዓይነት ብዙ ማሸት የለም፤ የሚወጣው አይመለስም። ሰዎች ብርጭቆ ወረቀት ካላመጣን ሲሉ ሰምቻለሁ። ቤት ውስጥ ለሚሰራ ሰው እሱ መድኃኒት ሳይሆን በሽታ ነው።

አንዴ የምሰራው የምጣድ ግማሽ የምታህል ቦታ ብቻ ነው። የአተር ፍሬ የምታክል ፖሊሽ ለስላሳ ጨርቅ ላይ፣ መካከለኛ ጉልበት፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ፣ ሳይደርቅ በሌላ ንጹህ ጨርቅ መጥረግ። ጠርዝ ጠርዙ ላይ ቀለም ስስ ስለሆነ እጄን አቀለልኩ። ጨርቁ መሬት ከወደቀ ያ ጨርቅ ከስራ ወጣ ማለት ነው፤ አራግፎ መቀጠል የለም። ማሽን ቢኖር በግማሽ ቀን ያልቃል። በእጅ ሁለት ቀን ተኩል ፈጀብኝ፣ ክንዴ እስካሁን ይናገራል።

ሁለተኛው ቀን ላይ ግቢው ገበያ ሆነ። የባጃጅ ሾፌሮች እየቆሙ "ሳሮ" ይላሉ፣ አጥር ላይ ተደግፈው ያያሉ። አንዱ ግማሹ የተሰራውን ኮፈን አየና "ሎኦ!" አለ፤ በወላይትኛ ጥሩ ነው ማለት ነው። ለባጃጁ የሚሆን ፖሊሽ እንድተውለትም ለመነኝ። አክስቴ ጎደሬ ቀቅላ በዳጣ ስታቀርብ ሁሉም ቀረበ። ጠባቂው ልጅ ብቻ ራቅ ብሎ ቆሞ ነበር። ጠራሁትና ጨርቅ ሰጠሁት። የግራውን የኋላ በር እሱ ነው የሰራው፤ ከኔ አያንስም።

መጨረሻ ላይ ሰም። ጥሩው የመኪና ሰም ካርናውባ ይባላል፣ ብራዚል ውስጥ ከሚበቅል የዘንባባ ዓይነት ቅጠል ላይ የሚገኝ ነው። በስሱ ይቀባል፣ አስር ደቂቃ ያህል ይጠበቃል፣ በጣት ሲነካ ሳይለጠፍ ሲጠረግ በንጹህ ጨርቅ ይወለወላል። ወፍራም መቀባት ድካም ብቻ ነው። ሰሙ ያለቀ ዕለት አክስቴ ከቤት ወጥታ የሾፌሩ በር ፊት ቆመች። በሩ ውስጥ ራሷን፣ የማንጎውን ዛፍ፣ ሰማዩን እያየች ዝም አለች። "እሱ ሲያመጣት እንዲህ ነበረች" ብላ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። መሸጡን ትተዋለች ብዬ ነበር። አልተወችም።

ቅዳሜ ገዢው ከሐዋሳ መጣ፤ ማግኔት ይዞ። በየበሩ ላይ አስጠጋው፣ ስቱኮ ካለ ማግኔቱ አይዝም። በሁሉም ቦታ ጥብቅ አለ። የስልኩን መብራት አብርቶ ቀለሙን በጎን አየ። የወፍ ንክሻ ሁለት ቦታ ቀርቷል፣ አሳየሁት። ደላላው ቀለሙን ጨርሶ አላነሳም፤ ስለ ጎማ ማርጀት ማውራት ጀመረ። ለጎማው 15 ሺህ ብር ተቀነሰ፣ መቶው ሺህ ግን አልተነሳም። ሊብሬው ወጣ፣ ተፈራረሙ። አክስቴ ቁልፉን ከመስጠቷ በፊት ኪስ ኪሱን ስትፈትሽ ከመኪናው ውስጥ የሰርግ ሪባን አገኘች፤ ጠቅልላ ጡቷ ስር ከተተችው።

ገዢው ሞተር አስነስቶ "ወንድሜ፣ በምን ላጥባት?" ብሎ ጠየቀኝ። "በመኪና ሻምፖ። ኦሞ እንዳታስነካት፣ ሰሙን በየሦስት ወሩ ድገም፣ ዛፍ ስር አታቁማት" አልኩት። ሰኞ ጠዋት አክስቴና ልጇ የኮሌጁን ክፍያ ለመክፈል ሶዶ ወረዱ ልበል ወጡ፣ እኔም አብሬያቸው ሄጄ መናኸሪያው ላይ ተለያየን።