ከሰማይ ወርደው በሜትር የሚለኩት

ዱባይ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን የዴይራ ገበያ፣ የወርቅ ሱቅና በዕቃ የተሞላ ሻንጣ ነው። ዛሬ ግን ልጆቻችን የሚሠሩባት፣ የልጅ ልጆቻችንም የሚያድጉባት ከተማ ሆናለች። እኔም ባለፈው ጥር የሄድኩት ልጄንና የ17 ዓመት ልጇን ለመጠየቅ ነበር። ከገበያው ይልቅ በዓይኔ የቀረው በማሪና በኩል ያለው የፓራሹት ሜዳ ነው።

ሜዳው የዘንባባ ቅርጽ ካለው ሰው ሠራሽ ደሴት አጠገብ፣ ባሕሩ ዳር ይገኛል። በአንድ ወገን ሰማይ ጠቀስ ፎቆች ተደርድረዋል፤ በሌላው ወገን ባሕሩ ነው። መሐል ላይ አረንጓዴ ሣር፣ የአውሮፕላን መንደርደሪያና ሰው ሠራሽ ኩሬ አለ። በ2012 እ.ኤ.አ. የዓለም የፓራሹት ሻምፒዮና የተካሄደው በዚህችው ከተማ ነበር።

ወደዚያ የወሰደኝ የልጅ ልጄ ነው። ምክንያት ነበረው። 18 ዓመት ሲሞላው ፓራሹት መዝለል ሊጀምር፣ ውሎ አድሮም ተወዳዳሪ ሊሆን ይፈልጋል። እናቱ ደግሞ “እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም” ብላ በሩን ዘግታለች። አማላጅ እንድሆንለት ነበር ልቡ።

“አባባ፣ ኩሬውን ብቻ ተመልከት” አለኝ። አንዱ ፓራሹቱን ከፍቶ ከላይ ሲያንዣብብ ቆየና፣ ጫጩት እንዳየ ጭልፊት ቁልቁል ተወረወረ። መሬት ሊመታ ነው ብዬ በስመ አብ ስል፣ ውኃው አጠገብ ሲደርስ ቀና አለ። እግሩ የኩሬውን ፊት እየጫረ ሽው ብሎ አለፈና ከማዶ ሣሩ ላይ ቆመ። ይህን አወራረድ “ስዉፕ” ይሉታል።

አጠገባችን ውድድር የዳኘ አንድ ሰው ተቀምጦ ነበር። በልጅ ልጄ አስተርጓሚነት ርቀቱ እንዴት እንደሚለካ ጠየቅኩት። ውኃው ላይ ሁለት ምልክቶች ይቆማሉ፤ በር ይባላሉ። በመካከላቸው 10 ሜትር ስፋት አለ። ተወዳዳሪው በዚህ በር ሲያልፍ ከ1.5 ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ከፍ ብሎ ካለፈ የፈለገውን ያህል ሩቅ ቢበርም ውጤቱ ዜሮ ነው። ልኬቱ ከበሩ ይጀምራል፤ የሚያበቃው ሰውዬው መጀመሪያ መሬት በነካበት ነጥብ ላይ ነው። ነክቶ ሌላ ሃያ ሜትር ቢሮጥ አይቆጠርለትም። በአንድ ዙር ከሁሉም የራቀው 100 ነጥብ ያገኛል፤ የሌሎቹ ነጥብ ከእሱ ርቀት ጋር እየተነጻጸረ ይሰላል።

በ2011 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ኒክ ባትሽ በኮሎራዶ 222.45 ሜትር ሄዶ ክብረ ወሰን አስመዝግቧል። ሁለት የእግር ኳስ ሜዳ ጫፍ ለጫፍ ቢቀጣጠል ከዚያ ያንሳል። ያውም ያለ ሞተር!

ጉልበቱ የሚመጣው ከከፍታው ነው። ዘላዩ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ከአውሮፕላን ወጥቶ ፓራሹቱን ወዲያው ይከፍታል። መሬት ሲቀርብ የፊት ማሰሪያዎቹን ስቦ ይዞራል፤ ፓራሹቱ ቁልቁል ይምዘገዘግና ፍጥነቱ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ከዚያ የኋላ ማሰሪያዎቹን በቀስታ እየሳበ ቁልቁለቱን ወደ አግድም በረራ ይለውጠዋል። ቶሎ ከሳበ ከበሩ በላይ ያልፋል፤ ከዘገየ ውኃው ውስጥ ይገባል። ኩሬው የተቆፈረው ለዚህ ነው፤ ውኃ ከመሬት ይሻላል። ያም ሆኖ በዚያ ፍጥነት ውኃም አጥንት ይሰብራል።

“ፓራሹቱ ባይከፈትስ?” አልኩት። ብዙ አደጋ የሚደርሰው ፓራሹቱ ደህና ተከፍቶ፣ በማረፊያው ሰዓት ነው አለኝ፤ በተለይም ሳይበቁ በፍጥነት ለማረፍ በሚሞክሩት ላይ። ለጀማሪ የሚሰጠው ፓራሹት 25 ካሬ ሜትር ገደማ ስፋት ስላለው ቀስ አድርጎ ያወርዳል። የስዉፕ ተወዳዳሪዎቹ ግን 6 ወይም 7 ካሬ ሜትር በሆነ ነው የሚወርዱት። በአሜሪካ ሥርዓት የመጀመሪያውን ፈቃድ ለማግኘት 25 ዝላይ ይበቃል፤ ለስዉፕ ግን በመቶዎች የሚቆጠር ዝላይና የሚከታተል አስተማሪ ያስፈልጋል።

ማታ ቡና ላይ ያየሁትን ሁሉ ለልጄ ነገርኳት። “አባዬ፣ አማላጅ ሆነህ መጣህ?” አለችኝ። “የለም፣ ለኪ ሆኜ ነው” አልኳትና ልጁን ሦስት ጥያቄ ጠየቅኩት። ማን ያስተምርሃል? በምን ያህል ፓራሹት ትጀምራለህ? ጓደኞችህ ሁሉ እየዘለሉ፣ ነፋሱ ለአንተ ካልተስማማህ “ዛሬ ይቅርብኝ” ብለህ መመለስ ትችላለህ? የመጀመሪያውን መለሰ። ሁለተኛውን ጠይቄ እመጣለሁ አለ። በሦስተኛው አቀረቀረ።

እናቱም ዝምታውን አይታ፣ “ሦስቱንም መልሰህ ስትመጣ እሰማሃለሁ” አለችው። ፈቃድ አልሰጠችውም፤ ግን ስለዚህ ነገር ከዚያ በፊት አንድም ቀን እሰማሃለሁ ብላው አታውቅም ነበር። እኔ ከመመለሴ በፊት ልጁ ደብተር አውጥቶ መጻፍ ጀምሯል።

ዱባይ ልጆቻችሁን ልትጠይቁ የምትሄዱ ወላጆችና አያቶች፣ ከገበያው አንድ ጠዋት ቀንሳችሁ ወደ ማሪና ውጡ። ከኅዳር እስከ የካቲት አየሩ ለእግር ጉዞ ይመቻል፤ ሚና ሲያሂ በሚባለው የትራም ፌርማታ ወርዶ መሄድ ይቻላል፤ ፓራሹቶቹም ከመንገዱ ይታያሉ። የልጅ ልጆቻችሁን አስከትሉ። ስለሚወዱት ነገር ሲያስረዱ ስትሰሙ፣ የቱን እንደሚያውቁና የቱን ገና እንዳላሰቡበት ትለያላችሁ።