ኦማርና ኤሊፍ በአንኮበር መንገድ

ስለ አንኮበር መንገድ ልጽፍላችሁ ተነሥቼ በቴሌቪዥን ድራማ ብጀምር አትፍረዱብኝ። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የአጥቢያችን ባለትዳሮች ቅጥቅጥ አውቶቡስ ተከራይተን ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አንኮበር ስንጓዝ፣ ሒሳብ ሳይከፍሉ ከአዲስ አበባ ጀምሮ የተሳፈሩ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ኦማርና ኤሊፍ ይባላሉ።

በዚያን ሰሞን ዲሽ ያለው ቤት ሁሉ ያውቃቸው ነበር። ቃና ቴሌቪዥን ሥርጭት ከጀመረ ገና ጥቂት ሳምንታት ቢሆኑት ነው። «ጥቁር ፍቅር» የተባለውን የቱርክ ድራማ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የእኛው ልጆች በአማርኛ ድምፅ እየሰጡት ያሳይ ነበር። ላላየው ሰው ታሪኩ እንዲህ ነው። ኦማር ፖሊስ ነው። እጮኛው ሲቤል ከአንድ ሀብታም ሰውዬ ጋር በአንድ መኪና ውስጥ ተገድላ ትገኛለች። ኤሊፍ ደግሞ የዚያ ሰውዬ ልጅ ናት፤ ሥራዋ የጌጣጌጥ ንድፍ ነው። ሁለቱ ሐዘንተኞች ገዳዩን አብረው ሲፈልጉ፣ ቀስ በቀስ ልባቸው እርስ በርሱ ይሳሳባል።

የፊልምና የቲያትር ባለሙያዎቻችን «የውጭ ድራማ ገበያችንን ሊዘጋብን ነው» ብለው በዚያው ዓመት ተቃውመዋል። በእኛ በኩል ደግሞ ሌላ ተቃውሞ ነበረ። ባለቤቴ ከጉዞው ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ «ሳሎናችሁን ለማን አከራይታችኋል?» በሚል ርእስ ሰበከ። እኔም ከፊት ወንበር ተቀምጬ ጮክ ብዬ «አሜን!» አልኩ። እዚህ ላይ ንስሐ ልግባ፤ እርሱ ረቡዕ ማታ የወንዶችን ጸሎት ሲመራ፣ እኔ «ልጆቹን ልያቸው» እያልኩ እህቴ ቤት ሄጄ ኦማርን ነበር የማየው።

እንግዲህ በዚያ ቅዳሜ ማለዳ ጸልየን ተነሣን። የባለትዳሮች ጉዞ ነው ብለን ብንወጣም፣ ለገጣፎን ሳናልፍ ወንዶቹ ከፊት፣ እኛ ከኋላ ተሰብስበን ነበር። ማንም እንዲህ ተቀመጡ አላለንም። ወንዶቹ ሌስተር ሲቲ በዚያ ሰሞን የእንግሊዝን ዋንጫ እንዴት እንደ በላ ይተነትናሉ። (በነገራችን ላይ፣ ሳሎንን ለሌስተር ስለ ማከራየት እስከ ዛሬ ስብከት አልሰማሁም።) እኛ ዘንድ ደግሞ ሰንዳፋ ላይ አንዲት እህት ዝግ ባለ ድምፅ «ትናንት አያችሁት?» አለች። ማን ምን እንዳየ የጠየቀ የለም። ሁላችንም አይተነው ኖሯል!

ክርክሩ ጦፈ። «ኦማር ከዳተኛ ነው፤ የሲቤል አፈር ሳይደርቅ ሌላ ሴት ዓይን ዓይን ያያል» አለች አንዷ። «ሞታለች እኮ! ዕድሜ ልኩን ከሬሳ ጋር ይኑር?» አለች ሁለተኛዋ። ሦስተኛዋ የኤሊፍ ጠበቃ ሆነች፤ «እሷ ናት የምታሳዝነኝ፤ ከሞተች ሴት ጋር እንዴት ይፎካከሩታል? የሞተ ሰው ወጥ አያሳርር፣ አይነጫነጭ» አለች። ሣቅን። ከዚያ አንዲት ሁልጊዜ ዝምተኛ የሆነች እህት ሁላችንንም አቋረጠችን።

«የሞተን ሰው መውደድና ያለውን ሰው መውደድ አይጣላም» አለች። ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። «አይጣላም። የሚያጣላው የሚቀናው ሰው ነው።»

ጸጥ አልን። ይህች እህት ከመጋባታቸው ጥቂት ወራት በፊት እጮኛዋ በመኪና አደጋ እንደ ሞተባት የምናውቅ እናውቅ ነበር። አሁን ካለው ባለቤቷ ጋር የተጋቡት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜ ትዳራቸው ዐሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ ሦስት ልጆች አሏቸው። የዚያ ሟች ስም በቤታቸው አይነሣም። አንድ ጊዜ ለምክር ወደ ቤታችን መጥተው አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ አስቤዛ ወጪ ብቻ ሲነጋገሩ ትዝ ይለኛል። እኔም ወጪ መመዝገቢያ ደብተር እንዲይዙ መክሬ ሰደድኳቸው። ባሏ ሦስት ወንበር ቀድሞን ተቀምጦ ነበር። ስለ ሌስተር የሚያወራው ድምፁ መቆሙን ልብ አልኩ።

ከሸኖና ከጫጫ በኋላ ነፋሱ ይለወጣል። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብትርቅ ነው፤ ከፍታዋ ግን ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ በግንቦት እንኳ ጋቢ ያልያዘ ይጸጸታል። ስሟን ያገኘችው በዐሥራ አምስተኛው መቶ ዘመን፣ በንጉሡ በዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ፣ በሰማይ ከታየ ብርሃን እንደሆነ ይነገራል። የዛሬ ዘመን ሰው ይበልጥ የሚያውቃት በብርድ ልብሷ ነው። አገሩ ብርድ፣ ፋብሪካው ብርድ ልብስ! ያስተናገደችን የዚያው አካባቢ እህት ግቢዋ ውስጥ ኩበት ከምራ፣ ቤቷን በቡና ጭስ አሙቃ፣ የገብስ ቆሎና ድፎ ዳቦ አቅርባ ጠበቀችን። ቡናው ላይ አንዲት ጎረቤቷም ነበሩ፤ ወደ ሰባ የሚጠጉ እናት ናቸው፤ በርኖስ የለበሱ ባለቤታቸው ከበሩ ጥግ ተቀምጠዋል።

አቦሉ ሳይወርድ ጎረቤትየዋ «እናንተ ከአዲስ አበባ የመጣችሁ፣ ኦማር ያቺን ልጅ ሊያገባት ነው ወይስ ምንድን ነው ሐሳቡ?» ብለው ጠየቁን። ባለቤቴ ፊኛ እንደተነፈሰበት ሰው ሆነ። አስተናጋጃችን አፍራ «እትዬ፣ ፓስተሩ አሉ እኮ!» አለቻቸው።

«ቢኖሩስ? እሳቸው አላገቡም?» አሉ። ቀጠሉና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ እኛ፣ ነገሩን ግን ወደ በሩ ጥግ አድርገው ተናገሩ፤ «ልጁ ሥራ ውሎ ደክሞት ይመጣል። ደክሞት መጥቶ ግን ‹በላሽ ወይ?› ይላታል። ‹ማን አስቀየመሽ?› ይላታል። አፍ አለዋ!»

ከበሩ ጥግ ያሉት ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ እንጂ መልስ አልሰጡም። በኋላ ስኒ ሳጥብ እትዬ ጠጋ ብለው በጆሮዬ «ለእኔ ኦማር ምኔ ነው፣ ልጄ? የእኔው ሰውዬ እየሰማ ነዋ!» አሉኝ።

እስካሁን የምነግርላቸው ይህን ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ስለ ጋብቻ ምክር ሦስት ኮርስ ወስጃለሁ፤ ሚስት ለባሏ የልቧን በሦስተኛ ሰው በኩል እንደምትነግረው ያስተማረኝ መምህር ግን አልነበረም። ሸዋ የቅኔ አገር ነው፤ እትዬም ሰሙን ከኢስታንቡል አምጥተው ወርቁን በሩ ጥግ አኑረውታል። ያን ሌሊት በራሴ ስብሰባዎች ላይ ስንት ጊዜ «ድራማ ትታችሁ ስለ ራሳችሁ አውሩ» እንዳልኩ እያሰብኩ አደርኩ። ስለ ራሳቸው ነበር ለካ የሚያወሩት!

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ወደ አንኮበር ወጣን። ከደብረ ብርሃን አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት ያን መንገድ በመዝሙር የሚሄዱበት ጊዜ አልሆነም፤ አስተናጋጃችንንም የማገኛት በስልክ ነው። ያን ዕለት ግን የገብስ ማሳው አረንጓዴ ነበር፤ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ከገደሉ አፋፍ ሣር እየነጩ ያዩናል፤ ድንገት ደግሞ ምድሩ ያልቅና ከእግር በታች ጉም ብቻ ይሆናል። ጉሙ ሲገለጥ ታች የአፋር ቆላ ይታያል። አንኮበር በእነ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የሸዋ መናገሻ ነበረች። ስሟ አንኮ ከተባለች የኦሮሞ ባላባት ሚስት የመጣ ነው ይላሉ፤ «የአንኮ በር» ማለት ነው። ቤተ መንግሥቱ የነበረበት ጉብታ ላይ ዛሬ ሎጅ አለ። አቀበቱ ግን በእግር ነው፤ የመዘምራን መሪያችን ሁለት ጊዜ ተቀምጧል።

ከላይ ደርሰን ስናርፍ ስለ ቦታው እንድናገር ተጠየቅሁ። በኮሌጅ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ስማር ስለ ሚስዮናዊው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ጽፌ ስለ ነበር ስለ እርሱ ጀመርኩ። ጀርመናዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1839 ከባልደረባው ከኢዘንበርግ ጋር ከታጁራ ተነሥቶ ወደ ሸዋ ገባ፤ እስከ 1842 ድረስ በዚህ አካባቢ ኖረ፤ ወንጌልን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም የጀመረው በዚሁ ጊዜ ነው። ወንዶቹ ማዛጋት ሲጀምሩ ሴቶቹን አየሁና ታሪኩን ከሌላኛው ጫፍ ያዝኩት።

«ሮዚና ዲትሪክ የምትባል የባዝል ልጅ ነበረች» አልኩ። «ለኩንላይን ታጭታ ነበር። ኩንላይን ወደ አቢሲኒያ ሊመጣ የተነሣ ሚስዮናዊ ነው። ሳይደርስ ማርሴይ ከተማ ላይ ሞተ።»

«ወይኔ!» አለች አንዷ። ማዛጋቱ ቆመ።

«ክራፕፍ ከአንኮበር ሲወጣ፣ ያላገባ ሚስዮናዊ በዚህ አገር እንደማይሳካለት አምኖ ነበር። ኢዘንበርግ ይህችን ልጅ ጠቆመው። እርሷም ከዚያ በፊት አይታው ለማታውቀው ሰው ብላ ግብፅ ድረስ መጣች፤ በ1842 ተጋቡ።»

«ለአገልግሎት ነዋ ያገባት!» ብላ አንዷ ጮኸች። «ፍቅር የታለ?»

እዚህ ላይ ሁሉም እኔን፣ ከዚያ ባለቤቴን አዩ። ምክንያቱም ባለቤቴ በኮሌጁ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ሲጠይቀኝ «ለአገልግሎት አብረን ብንሆን መልካም ይመስለኛል» እንዳለኝ፣ እኔም «እጸልይበታለሁ» እንዳልኩት በሠርጋችን ዕለት ተነግሮ ያልሣቀ አልነበረም። እርሱ ግን ዓይኑን የአፋር ቆላ ላይ ተክሏል።

ቀጠልኩ። ባልና ሚስቱ ወደ ሸዋ ሊመለሱ ታጁራ ቢደርሱ መንገዱ ተከለከለ። በ1843 በምጽዋ በኩል ሞከሩ። በሾሆ በረሃ ሮዚና ያለ ጊዜዋ ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗ ወዲያው ሞተች። ያወጡላት ስም የጀርመን ስም አልነበረም፤ ክራፕፍ በዚህ ተራራ ላይ ከተናገረው ከአማርኛ የወሰደው ነው። «እንባ» አሏት።

ማንም አልተናገረም። የቀረውን በአጭሩ ጨረስኩት። ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ወረዱ፤ በሐምሌ 1844 ሞምባሳ ላይ ሮዚና ሌላ ሴት ልጅ ወልዳ በወባ ሞተች፤ ሕፃኗም ተከተለቻት። የሮዚና መቃብር ከደሴቲቱ ማዶ ነው። አንኮበርን ሳታያት ቀረች።

ሴቶቹ ልክ እንደ ማታው ድራማ ተያያዙት። ወደዳት ወይስ አልወደዳትም? ወደ በረሃ ይዟት መሄድ ነበረበት? ስሙን «እንባ» ያለው ማነው፣ እርሱ ነው እርሷ? «ሴት ናት ያወጣችው» ብለው ተስማሙ፤ ማስረጃ አልጠየቁም። በዚህ መካከል ያ የሦስት ወንበር ሰው፣ የዝምተኛዋ ባል፣ ጠየቀኝ።

«ክራፕፍ ስለ ፊተኛው እጮኛዋ ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር» አልኩ። «እርሱም ለዚችው አገር የተላከ ሰው ነበር።»

«ስሙን ትጠራበት ነበር ማለት ነው?»

እኔ ሳልመልስ ሚስቱ መለሰችለት። ድምፅዋ እንደ አውቶቡሱ አልተንቀጠቀጠም። «ብትጠራው ምን ይጎዳው ነበር?»

መልስ አልሰጣትም። ቁልቁለቱን ስንወርድ ግን ከሁላችን ወደ ኋላ ቀሩ። ነጠላዋን እርሱ ነበር የያዘላት። ጉሙ ተመልሶ ስለ መጣ ብዙም አላየናቸውም፤ ሾፌሩ ጡሩምባ እየነፋ ሃያ ደቂቃ ጠበቅናቸው። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ከጥቂት ወራት በኋላ ዳግመኛ ለምክር ሲመጡ ግን ደብተሩን አላመጡትም፤ የሟቹን ስም መጀመሪያ የጠራው ባልየው ነው።

በመልሱ ጉዞ ጥንዶቹ ተደባልቀን ተቀመጥን። ሸኖ ላይ ቆመን ለጋ ቅቤ ገዛን። አውቶቡሱ ሲነሣ ባለቤቴ ቅቤውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጥቂት ዝም አለና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ለመሆኑ ይህች ኤሊፍ የምትሏት ማን ናት?»

ነገርኩት። ስለ መኪናው፣ ስለ ሁለቱ ሬሳዎች፣ ስለ ሐዘናቸው፣ «በላሽ ወይ?» ስለሚለው ፖሊስ። አለልቱን ስናልፍ «አንቺ ይህን ሁሉ ከየት አወቅሽ?» አለኝ።

«እህቴ ቤት» አልኩት። «ረቡዕ ረቡዕ።»

ወደ መስኮቱ ዞሮ ብዙ ቆየ። የተቆጣ መስሎኝ ነበር። ሰንዳፋ መብራቶቿ ሲታዩ ግን ዞር ብሎ «ታዲያ ገዳዩ ማን ሆነ?» አለኝ።

«ገና እዚያ አልደረስንም» አልኩት።