ሠዓሊና ሰአሊ

ሥነ ጽሑፍ የሚወድድ ሰው ስለ ኮምፒዩተር ፕሮግራም ሲያወሩት ፊቱን ያዞራል፤ አልፈርድበትም። ይሁንና ሰሞኑን ሦስት ሆነን ስንከራከርበት የሰነበትነው ጉዳይ ከመሐንዲስ ይልቅ የአርታዒ ጉዳይ ስለ መሰለኝ እዚህ ላወጋው ወደድሁ።

ከመደበኛ ሥራችን ውጭ የምንሠራው፣ የአማርኛን ጽሑፍ ፊደል የሚያርም አንድ ፕሮግራም አለን። ማንኛችንም ፕሮግራሙን በነካን ቁጥር ለውጡ ከሌሎቹ ሥራ ጋር ይቀላቀልና ምንም ባልተጫነበት ሌላ ኮምፒዩተር ላይ እንደ አዲስ ተገንብቶ ይፈተናል። ባለሙያዎቹ ይህን «ኮንቲኒዩስ ኢንተግሬሽን» ይሉታል፤ እኛ ሲአይ ብለን እናሳጥረዋለን። ያለፈ አረንጓዴ፣ የወደቀ ቀይ ምልክት ያገኛል። (ጄንኪንስ የተባለው ስመ ጥር መሣሪያ ግን ለብዙ ዓመታት ያለፈውን በሰማያዊ ነበር የሚያሳየው። ፈጣሪው ኮሱኬ ካዋጉቺ ጃፓናዊ ነው፤ በአገሩም የትራፊኩ አረንጓዴ መብራት «ሰማያዊ» ይባላል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ መሣሪያውን ወደድሁት።)

ፈተናዎቹ በዝተው አንዱ ዙር 40 ደቂቃ መፍጀት ጀመረ። ማርቲን ፋውለር ስለዚህ አሠራር በጻፈው የታወቀ ጽሑፍ ላይ 10 ደቂቃን ተገቢ ልክ ያደርገዋል። እውነት አለው፤ ከ40 ደቂቃ በኋላ የሚመጣ ቀይ ምልክት የሚያገኘው ሐሳቡ ወደ ሌላ ሥራ የሄደ ሰው ነው። ስለዚህ ለውጥ ማቀድ ያዝን። አጫጭሮቹ ፈተናዎች ይቅደሙ፣ ሙሉ መጻሕፍት የሚያነብቡት ረጃጅሞቹ ሌሊት ይሂዱ በሚለው ወዲያው ተስማማን።

ጠቡ የመጣው በሞክሼ ፊደላት ነው። ከመካከላችን ወጣቱ፣ አዘውትረው የሚወድቁት የ«ሠ» እና የ«ሰ»፣ የ«ዐ» እና የ«አ» ፈተናዎች መሆናቸውን ቆጥሮ መጣ። እነርሱም ወደ ሌሊት ይዛወሩ፤ ቀይ ቢሆኑም ለውጡን አያግዱ አለ። «ጋሼ፣ እርስዎና የቤተ ክህነት ሰዎች ካልሆናችሁ ዛሬ ማን ለይቶ ይጽፋል?»

እኔም ሠዓሊ ሥዕል የሚሥል፣ ሰአሊ ግን የሚለምን መሆኑን ነገርሁት። «ፀሐይ ሠረቀች» ብሎ የጻፈውን ሰው ፕሮግራማችን «ሰረቀች» ብሎ ቢያርመው ፀሐይን ሌባ አደረግናት ማለት ነው። ባልደረባችን ግን ወደ ሥራው ጠባይ መለሰችን፦ የማያግድ ፈተና ሌሊት ቢቀላ ጧት ማንም ዞሮ አያየውም፤ ከሰነበተ ደግሞ ቀይነቱ ይለመዳል። ለወጣቱም ፈረደችለት፤ ከፈተናዎቹ ብዙዎቹ የትርጉም ሳይሆኑ የልማድ ናቸው፤ በ«ዓ» ቢጻፉ በ«አ» ትርጉማቸው አይናወጥም።

ዕቅዱ በዚህ ተቋጨ። የፊደሉ መለወጥ ትርጉም የሚያፋልስባቸው ቃላት ፈተና እንደ ታገደ በር ይቆያል፤ የልማዶቹ ወደ ሌሊት ይሄዳሉ፣ ውጤታቸውም በየሳምንቱ ተራ በገባው ሰው ይታያል። ኮዱ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ከባዱ ቃላቱን አንድ በአንድ መለየቱ ነው፤ ለዚህም በ1948 ዓ.ም. የታተመውን የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት ለወጣቱ አዋስሁት። መጽሐፉ በ«ሀለሐመ» ሳይሆን በ«አበገደ» ተራ መደርደሩን ሳልነግረው ቀረሁ፤ ራሱ ቢያገኘው ይሻላል ብዬ።

ትናንት ማታ ደወለ። «ጋሼ፣ እኚህ ሰው ‹ሀ›ን የት ነው የደበቋት?»