ጆሮ ፈጥኖ ልብ ሲዘገይ

በ1998 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ የኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ አብዛኛው የሚያልፈው በጅቡቲ ወደብ ነው። በሐምሌ ወር የዚያ ወደብ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይዘላል፤ ከደጋ የወረዱ ሾፌሮችም በከባድ መኪኖቻቸው ጥላ ሥር ተኮራምተው ተራቸውን ይጠብቃሉ።

ከእነዚህ አንዱ በቀትር መኪናውን ወደ ኋላ ሲመልስ፣ ረዳቱ ከበስተኋላ «ቁም!» ብሎ ጮኸ። የሾፌሩ እግር ፍሬኑን የረገጠው ዘግይቶ ነበር። ረዳቱ ዘሎ ባይወጣ ኖሮ በመኪናውና በግንቡ መካከል በቀረ።

«ጋሼ፣ አልሰሙኝም እንዴ?»

«ሰምቼሃለሁ» አለ ሾፌሩ አንገቱን ደፍቶ። «ሰምቼ ነው የቆየሁት።»

ይህ መልስ ሰበብ ይመስላል፤ ሳይንስ ግን አያስተባብለውም። በራሱ ቆዳ ላይ ኤሌክትሮድ የተለጠፈለት ሰው ቀጭ የሚል አጭር ድምፅ ሲሰማ፣ ከጆሮ ነርቭ እስከ አንጎል ግንድ የሚጓዘው የኤሌክትሪክ መልእክት በ10 ሺኛ ሰከንድ ውስጥ በተከታታይ ማዕበሎች ይመዘገባል። ጄዌትና ዊሊስተን የተባሉ ተመራማሪዎች እነዚህን ማዕበሎች በ1971 እ.ኤ.አ. በዝርዝር ገልጸዋቸዋል። ሰውነት ሲቀዘቅዝ ማዕበሎቹ ይዘገያሉ፤ ከተለመደው 37 ዲግሪ በላይ ሲግል ግን በጥቂቱ ይፈጥናሉ። በነርቭ ሕዋስ ላይ ያሉት ጥቃቅን በሮች በሙቀት ጊዜ ፈጥነው ይከፈታሉና።

እንግዲህ ሙቀት መልእክተኛውን አያዘገይም። የሚደክመው መልእክቱን የሚቀበለው ነው። ላብ የሰውነትን ውኃ ይጨርሳል፤ ደም ሙቀቱን ለማውጣት ወደ ቆዳ ይጎርፋል፤ የውስጥ ሙቀት እጅግ ሲያይል ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ይቀንሳል። ቀላል ሥራ ብዙ ጊዜ ሳይታወክ ይቀጥላል፤ ረጅም ንቃትንና ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ማሰብን የሚጠይቀው ግን ቀድሞ ይናጋል። ድምፁ ከደጃፍ ደርሶ ሳለ በር ከፋቹ ይዘገያል።

በወደቡ፣ በጨው ሜዳው፣ በግንባታው ቦታ ስንቱ ሠራተኛ «ደንቆሮ» ተብሎ ተሰድቧል! አለቃውም ያልተሰማ መስሎት ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ለደከመ ልብ ግን ጩኸት አይበጀውም፤ የሚበጀው ውኃ፣ ጥላና ዕረፍት ነው።

ያ ሾፌር ከዚያ ቀን ወዲህ ውኃ ሳይጠጣ መሪ አይጨብጥም። ረዳቱም ከበስተኋላ አይቆምም፤ በስፖኪዮ ከሚታይበት ጎን ቆሞ በእጁ ምልክት ይሰጣል። «ቁም!» የሚለውን ቃል አልተዉትም፤ ነገር ግን ነፍስን ለእርሱ ብቻ አደራ መስጠት ትተዋል።