የማይቸኩለው ዐውሎ ነፋስ
በሬዩኒዮን ደሴት

ዐውሎ ነፋስ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በፍጥነት የሚመጣ፥ ጣራ የሚነቅል፥ ዛፍ የሚገነድስና ወዲያው የሚያልፍ ኀይልን ነው። በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ በምትገኘው በሬዩኒዮን ደሴት በሰነበትንበት ጊዜ ግን ከዚህ የተለየ ነገር ተማርን። የደሴቲቱ ሰዎች የሚሮጠውን ነፋስ ይፈራሉ፤ የሚዘገየውን ግን ይበልጥ ይፈራሉ። የሚሮጠው ጣራውን ወስዶ ይሄዳል። የሚዘገየው እንደ ክፉ እንግዳ ተደላድሎ ይቀመጥና መንገዱን፥ ድልድዩንና እርሻውን ሳይጨርስ አይነሣም።

ሬዩኒዮን ከማዳጋስካር በስተምሥራቅ ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የፈረንሳይ ግዛት ናት። ስፋቷ 2,512 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ነገር ግን ከባሕሩ ዳር ተነሥቶ በጥቂት ሰዓት ጕዞ ውስጥ ከቆላ ወደ ደጋ፥ ከደጋ ወደ ውርጭ መውጣት ይቻላል። ፒቶን ደ ኔዥ የተባለው ከፍተኛ ተራራ 3,070 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ፒቶን ደ ላ ፉርኔዝ የተባለው ደግሞ እስከ ዛሬ እሳት የሚተፋ ተራራ ነው። በተራሮቹ መካከል ሲላዎስ፥ ሳላዚና ማፋት የሚባሉ ሦስት ጥልቅ፥ በገደል የተከበቡ ሸለቆዎች አሉ። ወደ ማፋት የመኪና መንገድ ስለሌለ፥ ሰው የሚደርስበት በእግሩ ወይም በሄሊኮፕተር ነው። በሲላዎስ ምስር ይዘራል፤ ምስሩም በደሴቲቱ ሁሉ የተመሰገነ ነው። ከደጋ አገር የመጣ ሰው ገደሉንና የምስሩን እርሻ ባየ ጊዜ፥ ከአገሩ የራቀ መሆኑን ለጥቂት ጊዜ ይረሳል።

ደሴቲቱን ከኢትዮጵያ ጋር የሚያዛምዳት ሌላም ነገር አለ፤ ይኸውም ቡና ነው። በ1715 ዓ.ም. ፈረንሳውያን ከየመን ወደብ ከሞካ የቡና ችግኝ አምጥተው በዚህ ተከሉ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። የዚያ ቡና የዘር መነሻ የኢትዮጵያ ደን እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ደሴቲቱ በዚያን ጊዜ ቡርቦን ትባል ስለ ነበር፥ እስከ ዛሬ በዓለም ገበያ በዚህ ስም የሚጠራ የቡና ዐይነት አለ። ይሁን እንጂ ዛሬ በቈላው የሚታየው ከዳር እስከ ዳር ሸንኮራ አገዳ ነው። ምክንያቱን ብንጠይቅ የነገሩን ስለ ዝናብ ነው። በ1806 እና በ1807 ዓ.ም. ዐውሎ ነፋስና ከባድ ዝናብ ተከታትለው የቡናውን ተክል አጠፉት። የአገሩ ሰዎች እንዲህ ያለውን ሁሉን ጠርጎ የሚሄድ ዝናብ በክሬዎል ቋንቋቸው «አቫላስ» ይሉታል። ገበሬውም ከዚያ በኋላ ወደ ሸንኮራ አገዳ ዞረ። የቡና ዛፍ አንድ ጊዜ ከተነቀለ እንደ ገና ተተክሎ ፍሬ እስኪሰጥ ዓመታት ይፈጃል፤ አገዳ ግን ነፋስ ሲመጣ ይተኛል፥ ነፋሱ ሲያልፍ ቀና ይላል።

እኛ በደሴቲቱ በነበርንበት ወራት የመጣው ዐውሎ ነፋስ በታሪክ የሚጻፍ ዐይነት አልነበረም። ከባሕሩ ዳር ብዙ ርቆ ቆመና ዝናቡን ብቻ ላከብን። ያረፍንበት ቤት እመቤት አሮጊት ነበሩ። ገና የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ በራዲዮ እንደ ተነገረ፥ ባልዲውን፥ ድስቱንና የመታጠቢያውን ገንዳ ሁሉ በውኃ ሲሞሉ አየናቸው። ሰማዩ ውኃ ሊያፈስ ሳለ ውኃ ማጠራቀም ምን ይጠቅማል ብለን ጠየቅናቸው። «ልጆቼ፥ ጎርፍ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠፋው የሚጠጣ ውኃ ነው» አሉን። እንዳሉትም በማግሥቱ ከቧንቧው የሚወርደው ውኃ ጭቃ ሆነ።

ለሁለት ቀን ከቤት ሳንወጣ ቈየን። በሦስተኛው ቀን ጧት ዝናቡ በባሕሩ ዳር አባራ፥ ፀሐይም ወጣች። ቀጠሮ ስለ ነበረን በመኪና ተነሣን። በመንገዳችን ላይ አንድ ወንዝ ነበር፤ መሻገሪያውም በወንዙ ወለል ላይ የተሠራ ዝቅተኛ የሲሚንቶ መንገድ ነው። በላዩ ላይ የሚፈሰው ውኃ የጫማችንን ክር እንኳ የሚያረጥብ አይመስልም ነበር። ሆኖም በዕድሜ ከኛ የሚበልጡት ሾፌራችን መኪናውን አቁመው ሞተሩን አጠፉ። «እዚህ አባርቷል፤ ላይ ግን አላባራም» ብለው ወደ ተራራው አመለከቱ። ተራራው በጥቁር ደመና እንደ ተሸፈነ ነበር። እኛም ሰዓታችንን እየተመለከትን ተቈጣን፤ ዛሬ ስናስታውሰው የሚያሳፍረንን ቃልም ተናገርን። ሰውዬው አልመለሱልንም።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ከላይ ድምፅ ተሰማ። መጀመሪያ የሰማነው የውኃ ድምፅ ሳይሆን የድንጋይ ነው፤ ቋጥኞች እየተጋጩ ሲንከባለሉ ከሩቅ እንደ ነጐድጓድ ይሰማሉ። ወዲያው ቀይ ውኃ ግንድና ቅጠል አዝሎ ወረደ፤ መሻገሪያውም ከዐይናችን ጠፋ። እኛ ደራሽ ምን እንደ ሆነ ከልጅነታችን እናውቃለን። ሰማዩ በላይህ ጠርቶ ሳለ ከሩቅ ተራራ የዘነበው ዝናብ በድንገት ይደርስብሃል፤ ስለዚህ ነው ደራሽ የተባለው። ተራራው ሲጠቁር ወደ ወንዝ እንዳንወርድ እናቶቻችን በስንት ቃል አስጠንቅቀውን ነበር! ያን ሁሉ ግን አንዲት ቀጠሮ አስረሳችን። ሾፌራችንን ይቅርታ ጠየቅናቸው። እሳቸውም «ወንዙ ይሄዳል፤ እናንተም ትሄዳላችሁ» ብለው ዳቦ ቈርሰው ሰጡን።

ዐውሎ ነፋስ ለምን ይዘገያል? የሚነሣው በሞቀ ባሕር ላይ ነው፤ ነገር ግን ወደ ፈለገበት የሚሄድበት እግር የለውም። በወንዝ ላይ እንደ ተጣለ ቅጠል፥ የሚወስደው በዙሪያው የሚነፍሰው ታላቁ ነፋስ ነው። ያ ነፋስ ሲደክም፥ ወይም ሁለት ነፋሶች ከሁለት ወገን ሲገፉት፥ ባለበት ይቆማል ወይም ዞሮ ይመለሳል። በዚያን ጊዜ ከባሕሩ የሳበውን እርጥብ አየር ሳያቋርጥ ወደ ተራራው ይልካል። አየሩ በተራራው ላይ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፥ ሲቀዘቅዝም ውኃውን ያፈሳል። ተራራው ደመናውን እንደ ላም ያልበዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የዚህም ምስክር በቁጥር ተጽፎ ይገኛል። በ1966 ዓ.ም. በጥር ወር፥ ፎክ ፎክ በተባለው ቦታ በ24 ሰዓት ውስጥ 1,825 ሚሊሜትር ዝናብ ዘነበ። በ1980 ዓ.ም. በጥር ወር ኢያሳንት የተባለው ዐውሎ ነፋስ በደሴቲቱ ዙሪያ እየዞረ ስለ ተመላለሰ፥ ኮመርሶን በተባለው ከፍተኛ ቦታ በ15 ቀን ውስጥ 6,083 ሚሊሜትር ተለካ፤ በደሴቲቱም 25 ሰዎች ሞቱ። በ2007 ዓ.ም. በየካቲት ወር የመጣው ጋሜድ ደግሞ መካከሉ ደሴቲቱን ሳይነካት፥ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ እየዘገየ ሲያልፍ፥ በዚያው በኮመርሶን በሦስት ቀን 3,929 ሚሊሜትር ጣለ። አዲስ አበባ በዓመት የምታገኘው ዝናብ 1,200 ሚሊሜትር ያህል ነው። እንግዲህ ከሦስት ክረምት የበለጠው ዝናብ በሦስት ቀን ወረደ ማለት ነው። ውኃው ሳይፈስ ባለበት ቢጠራቀም ኖሮ፥ አንዱ ሰው በሌላው ትከሻ ላይ ቢቆም እንኳ የላይኛውን ራስ ይሸፍነው ነበር። በዚያ ጊዜ በሴንት ኤትየን ወንዝ ላይ የነበረው ትልቅ ድልድይ ፈረሰ።

ባሕሩም ዝም አይልም። ከዐውሎ ነፋሱ የሚነሣው ሞገድ ከነፋሱ ቀድሞ ይጓዛልና፥ ሰማዩ ገና ጥርት ብሎ ሳለ ረዥምና ከባድ ማዕበል የባሕሩን ዳር መምታት ይጀምራል። ነፋሱ በዘገየ መጠን አንዱን ባሕር ለብዙ ሰዓት ስለሚገፋ፥ ሞገዱ ያድጋል፤ ቀንና ሌሊትም ያለ ዕረፍት ይመታል። እኛም ሌሊት በአልጋችን ላይ ሆነን፥ በየጊዜው ቤቱ ከሥሩ ሲንቀጠቀጥ ይሰማን ነበር። የምናውቀው የምጽዋ ባሕር ስለ ሆነ፥ ባሕር እንዲህ ያለ ጕልበት እንዳለው አላሰብንም ነበር።

ሰዎቹ ግን ተቀምጠው አይጠብቁም። በዋና ከተማው በሴን ደኒ ያለው የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት የደቡብ ምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስን ዐውሎ ነፋሶች ሁሉ ይከታተላል። ማስጠንቀቂያውም በቀለም ይነገራል፤ መጀመሪያ ቢጫ፥ ቀጥሎ ብርቱካናማ፥ ከዚያ ቀይ ነው። ቀይ ከተባለ ማንም ከቤቱ አይወጣም። ከሁሉ የሚበልጠው ወይን ጠጅ ቀለም ሲሆን፥ በዚያ ሰዓት የእርዳታ ሠራተኞች እንኳ አይንቀሳቀሱም። ይህም ለመጀመሪያ ጊዜ የታወጀው ቤላል የተባለው ዐውሎ ነፋስ በመጣበት በ2024 ዓ.ም. በጥር ወር ነው። እኛን ያስደነቀን ግን የመጨረሻው ደረጃ ነው። ነፋሱ ካለፈ በኋላም ሁሉ ደኅና ሆነ አይባልም፤ ወንዙ ገና ሙሉ ነው፥ የወደቀ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ፥ ስለዚህ ተጠንቀቁ የሚል ሌላ ትእዛዝ ይወጣል።

የሞቀ አየር ብዙ ውኃ ይሸከማል፤ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሲጨምር አየሩ ሊይዝ የሚችለው ውኃ በመቶ ሰባት ያህል ይጨምራል። ዓለም እየሞቀች በሄደች ቍጥር፥ የሚዘገየው እንግዳ ይዞት የሚመጣው ሸክም ይከብዳል ማለት ነው።

ከደሴቲቱ በተመለስንበት ቀን በዚያው መሻገሪያ አለፍን። ወንዙ ደርቆ ነበር፤ ልጆችም በድንጋዮቹ መካከል ይጫወቱ ነበር። ሾፌራችን ግን ከመሻገራቸው በፊት መኪናውን አቀዝቅዘው ወደ ተራራው ቀና ብለው ተመለከቱ። እኛም በዚህ ጊዜ ሰዓታችንን አላየንም፤ ከሳቸው ጋር ተራራውን አየን።